«ኤምኦቲ አለው» ሲሉዎት፦ አሮጌ ላንድሮቨር ከመግዛትዎ በፊት መዝገቡን ያንብቡ

በብሪታንያ ያገለገለ ላንድሮቨር የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያው ላይ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጽፈው ነገር ይታወቃል፤ «የ12 ወር ኤምኦቲ አለው» ይላል። አገር ቤት «ቦሎው አዲስ ነው» እንደሚባለው መሆኑ ነው። ገዢውም ይህን ሲሰማ ግማሽ ልቡ ይረጋጋል። ወረቀቱ በትክክል የሚናገረው ግን መኪናው በተመረመረበት ቀን ሕግ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ መስፈርት አሟልቶ መገኘቱን ብቻ ነው። በማግስቱ ስለሚሆነው አይናገርም።

ከዚያ ወረቀት ጀርባ ሌላ ነገር አለ። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከ2005 ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ውጤት በመንግሥት መዝገብ ተቀምጧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መዝገቡን ለማየት የመኪናው ባለቤት መሆን አያስፈልግም፤ የታርጋ ቁጥሩን ማወቅ ይበቃል፤ ክፍያም የለውም። ሻጩ ጋ ከመደወልዎ በፊት፣ ሻይዎን እየጠጡ የመኪናውን የሃያ ዓመት የጤና ታሪክ ማንበብ ይችላሉ። እንደ ላንድሮቨር ላለ ጭቃና ጨው ሲጠጣ ለኖረ አሮጌ የገጠር መኪና፣ ከአዲሱ ሰርተፊኬት ይልቅ ይህ ታሪክ ይበልጥ ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

ምርመራው ራሱ የተጀመረው በ1960 ነው። ስሙን ያገኘው በጊዜው ከነበረው የትራንስፖርት ሚኒስቴር ምሕጻረ ቃል ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመለከተው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላቸውን መኪናዎች ነበር፤ የሚታየውም በዋናነት ፍሬን፣ መብራትና መሪ ነበር። በ1967 ዕድሜው ወደ 3 ዓመት ወረደ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። በሰሜን አየርላንድ ሥርዓቱ ለብቻው ስለሆነ የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው በ4ኛው ዓመት ነው። ዛሬ ምርመራው ከጎማ እስከ ጭስ፣ ከቀበቶ እስከ ሻንሲ ብዙ ነገር ይነካል።

ታርጋውን አስገብተው መዝገቡ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያዩት የመኪናውን ዓይነት፣ ቀለሙን፣ የነዳጁን ዓይነትና የተመዘገበበትን ቀን ነው። ይህን ዝም ብለው አይለፉት። መዝገቡ አረንጓዴ እያለ ፊትዎ የቆመው መኪና ነጭ ከሆነ የሚጠየቅ ነገር አለ። ከታች በየዓመቱ ያለፈበት ወይም የወደቀበት ቀን፣ በዚያ ቀን የተነበበው የማይል ቁጥር፣ የተገኘው ጉድለትና መርማሪው የጻፈው ማሳሰቢያ ተዘርዝሯል። የተመረመረበትን ጋራዥ ለማየት ግን እኛ ሊብሬ የምንለው፣ እዚያ ቪ5ሲ የሚባለው ሰነድ ላይ ያለው ባለ 11 አሃዝ ቁጥር ያስፈልጋል። ሻጩ ሊብሬውን ሲያሳይዎ ቁጥሩን ይጠይቁት።

ጉድለት የሚጻፍበት መንገድ በግንቦት 2018 ተለውጧል። ከዚያ ወዲህ ጉድለቱ «አደገኛ»፣ «ከባድ» ወይም «ቀላል» ተብሎ ይመደባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መኪናው ይወድቃል፤ በ«ቀላል» ግን ያልፋል። ከእነዚህ በታች ማሳሰቢያ የሚባለው አለ፤ ዛሬ ባይጥልም ወደፊት ሊጥል የሚችል ነገር እዚያ ይጻፋል። ብዙ ገዢ ዓይኑ የሚሮጠው ወደ ቀዩ «ወደቀ» ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማነበው ማሳሰቢያውን ነው። የወደቀ ነገር ቢያንስ እንደገና ለማለፍ ሲባል ይነካል፤ ማሳሰቢያ የተጻፈበት ግን ባለቤቱ ካልፈለገ ለዓመታት ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል። ሂሳቡን የሚከፍለው ቀጣዩ ገዢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዝገት እንምጣ። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በብሪታንያ ብረት በኮታ የሚገኝ ዕቃ ስለነበር ሮቨር ኩባንያ የመኪናውን አካል ከአሉሚኒየም ቅልቅል ሠራው፤ ሻንሲውን ግን ከብረት። ይህ አሠራር ዲፌንደር እስከተባለው ሞዴል ዘልቋል፤ የመጨረሻው የዚያ ዘር መኪና ከሶሊሃል ፋብሪካ የወጣው በጥር 2016 ነው። ስለዚህ አሮጌ ዲፌንደር ከላይ ሲያዩት አካሉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። ሥሩ ያለው ሻንሲ ግን ባዶ ሣጥን ሆኖ የተበየደ ብረት ነው፤ ጭቃና ውኃ ውስጡ ይገባል፤ መውጫ ቀዳዳው ሲደፈን ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ውጭው ላይ ቀዳዳ ሲታይ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል።

ለዚህ አደጋ ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የለመደ ዓይን ብዙም አልተዘጋጀም። አገር ቤት ልምድ ያለው ሹፌር ሞተሩን ያዳምጣል፣ ጭሱን ያያል፣ ካምቢዮውን ይሞክራል፣ የመሪውን ልልነት ይለካል። ሁሉም ትክክል ነው። ብሪታንያ ውስጥ ግን ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ በረዶ እንዳይዝ ጨው ይነሰነስበታል፤ ያ ጨው ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ የመኪናውን ሆድ ሲያጥበው ይከርማል። ሞተሩ እንደ ሰዓት የሚሠራ፣ ሻንሲው ግን በመዶሻ ጫፍ የሚበሳ መኪና እዚያ ብርቅ አይደለም።

መዝገቡ ዝገትን የሚገልጽበት ቋንቋ ደረቅ ነው፤ ደረጃ ግን አለው። «የላይ ዝገት» ማለት ገና ቆዳው ነው። «ዝጓል፤ ጥንካሬው ግን ብዙ አልተቀነሰም» ሲል ጊዜው እየቀረበ ነው። «ጥንካሬው ጉልህ በሆነ ሁኔታ ቀንሷል» ካለ ወድቋል። በተለይ «በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ» የሚለውን ይፈልጉ፤ ሞላው፣ መሪው፣ ፍሬኑ ወይም የወንበር ቀበቶው ከታሠረበት ቦታ በዚህ ርቀት ውስጥ ያለ ዝገት መርማሪው አጥብቆ የሚያየው ነው። «ኒርሳይድ» የሚለው ቃል ሲመጣ የእግረኛው መንገድ ያለበትን የግራ ጎን፣ «ኦፍሳይድ» ሲል ሾፌሩ የሚቀመጥበትን የቀኝ ጎን ማለቱ ነው።

አንድ መዝገብ አብረን እናንብብ። መኪናው ለማስተማሪያ ያበጀሁት ነው፤ የመስመሮቹ ዓይነት ግን በእውነተኛ መዝገብ የሚገኝ ነው። የ2002 ላንድሮቨር ዲስከቨሪ ነው እንበል፣ ባለ ናፍጣ፣ ሁለተኛው ትውልድ። በ2016 አለፈ፤ ማሳሰቢያው «የኋላ ሻንሲ የላይ ዝገት አለው» ይላል። በ2017 አለፈ፤ «የኋላ ሻንሲ በሁለቱም ጎን ዝጓል፣ አልተዳከመም፤ የፍሬን ቱቦም ዝገት ጀምሮታል»። በ2018 መስከረም ላይ ወደቀ፤ «የቀኝ የኋላ ሻንሲ፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ»። ከሁለት ቀን በኋላ አለፈ፤ አንድም ማሳሰቢያ የለም። በ2019 አለፈ፤ «የመኪናው ሥር በወፍራም መከላከያ ተሸፍኗል» ከሚል በቀር ንጹሕ ነው። 2020 እና 2021 ንጹሕ። 2022 ላይ ምንም የለም። በ2023 ወደቀ፤ የግራው የኋላ ሻንሲ። በማግስቱ አለፈ። አሁን በሽያጭ ላይ ነው።

ችኩል ሰው ይህን ሲያነብ «ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለቱንም አሠርተውታል፣ መሃል ላይ ንጹሕ ነበር» ይላል። እስቲ ቀስ እንበል። በ2017 ዝገቱ በሁለቱም ጎን ነበር። በ2018 የተበየደው ግን የጣለው ቀኙ ብቻ ይመስላል። ታዲያ የግራው ዝገት ከሁለት ቀን በኋላ ከመዝገቡ የት ሄደ? ዝገት በራሱ አይድንም። ወይ መርማሪው ሳይጽፈው አልፏል፣ ወይ ሬንጅ መሳይ ጥቁር ነገር ተቀብቶበታል። የ2019 መስመር ሁለተኛውን ግምት ያጠናክራል። የ2020ና የ2021 ንጽሕናም ከዚያ ሽፋን የመጣ ሊሆን ስለሚችል ብዙ ክብደት አልሰጠውም፤ መርማሪው ሽፋኑን የማንሣትም ሆነ ዕቃ የመፍታት ሥልጣን የለውም፤ በዓይኑ ያያል፣ ለዚሁ በተፈቀደች ትንሽ መምቻ መታ መታ ያደርጋል፣ በቃ። የዲስከቨሪ ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ ከኋላ አክስሉ ጀምሮ ወደ ኋላ ያለው ሻንሲው በዝገት የታወቀ ነው። ስለዚህ ይህን መኪና ለማየት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ቦኔት አይከፍትም። ከኋላ ይንበረከካል።

ሻጩንም የሚጠይቀው በመዝገቡ ቋንቋ ነው። «በ2018 ቀኙን ማን በየደው? ደረሰኝ ወይም ሲበየድ የተነሣ ፎቶ አለ? አሮጌው ብረት ተቆርጦ ወጥቷል ወይስ ላሜራ ከላይ ተለጥፎበታል?» ደህና ባለቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ ፎቶውን ከስልኩ አውጥቶ ያሳያል። «እኔ ስገዛው እንዲህ ነበር» የሚል መልስ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን በዚያው ልክ መውረድ አለበት።

ስለ ክፍተቶች ጥቂት ልበል። አንድ ዓመት መዘለሉ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ባለቤቱ መኪናው ከመንገድ ውጭ መሆኑን ለመንግሥት አስታውቆ በረት ውስጥ አቁሞት ሊሆን ይችላል። በ2020 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት 30 እስከ ሐምሌ መጨረሻ ምርመራቸው ለሚደርስ መኪናዎች 6 ወር ተራዝሞ ስለነበር፣ በዚያ ዓመት የታየ ክፍተት ወይም የተንሸራተተ ቀን አያስደንቅም። የሚያሳስበው ቆሞ ነበር የተባለበት ጊዜ ላይ ማይሉ ዘሎ ሲገኝ ነው። የቆመ መኪና 9,000 ማይል አይሄድም።

ማይሉን በተመለከተ፣ በየዓመቱ የተጻፈውን ቁጥር ከታች ወደ ላይ ያንብቡት። ቆጣሪ ወደ ኋላ ከተመለሰ እዚህ ይጋለጣል። አንዳንድ ጊዜ የአጻጻፍ ስህተት ያጋጥማል፤ 118,000 የነበረው አንድ ዓመት 181,000 ሆኖ በሚቀጥለው 124,000 ከሆነ መርማሪው አሃዝ አገላብጧል ማለት ነው። ለላንድሮቨር ግን ትንሽ ማይል ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። በዓመት 700 ወይም 800 ማይል ብቻ እየሄደ የሻንሲና የፍሬን ቱቦ ዝገት በየዓመቱ የሚጻፍበት መኪና ምን ሲሠራ እንደነበር ይጠይቁ። ጀልባ ወደ ባሕር ሲያወርድና ሲያወጣ የኖረ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ የኋላ ጎማው ጨው ውኃ ውስጥ ገብቷል። ማይል ቆጣሪው ይህን አይቆጥርም።

ከዝገት ቀጥሎ በአሮጌ ላንድሮቨር መዝገብ ላይ ደጋግሞ የሚመጣው የእጅ ፍሬን ነው። «የእጅ ፍሬን አቅም ከሚጠበቀው በታች» ይላል። በሌላ መኪና ይህ ገመድ ማጥበቅ ወይም ሸራ መቀየር ሊሆን ይችላል። በዲፌንደርና በመጀመሪያዎቹ ሁለት የዲስከቨሪ ትውልዶች ግን የእጅ ፍሬኑ ጎማውን አይይዝም፤ ከካምቢዮው ኋላ ካለው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው ክፍል የሚወጣውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ሲያልቅ ዘይቱ እዚያው ከበሮ ውስጥ ይገባና ሸራውን ያርሰዋል። ሻጩ ሸራውን ይቀይራል፣ መኪናው ያልፋል፣ በዓመቱ እንደገና ይወድቃል። በመዝገቡ ላይ የእጅ ፍሬን ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ካዩ፣ ከጎኑ የዘይት መፍሰስ ማሳሰቢያ መኖሩን ይፈልጉ። ሁለቱ ከተገናኙ ምክንያቱን ገና ማንም አልነካውም ማለት ነው።

የላንድሮቨር ወዳጆች ዘይት ካላንጠባጠበ ዘይት የለውም ብለው ይቀልዳሉ። ቀልዱን ተዉትና፣ ትንሽ ላብ የመሰለ ርጥበት መኪናውን አያስጥልም፤ ምንጩን ማወቅ ግን የዋጋ ክርክር ላይ ይረዳል። ሌሎቹን በፍጥነት ልለፍ፦ የአክስል ክንዶች የጎማ ቡሽ ማለቅ፣ የመሪ ዘንግ ጫፎች ልልነት፣ የክሮቸራ መላላት። እነዚህ የሚያረጁ ዕቃዎች ናቸው፤ በሥራ ላይ የኖረ መኪና መዝገብ ላይ አለመኖራቸው ይልቅ ያስገርማል። በዲስከቨሪ ሁለተኛ ትውልድ የኤቢኤስ መብራት በርቶ መገኘት ያስጥላል፤ ችግሩም የተለመደ ነውና፣ ሲያዩት ሞተሩ ሲነሣ መብራቱ መጀመሪያ በርቶ ከዚያ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉን ያወጣው ሰው ሊኖር ይችላል።

መዝገቡ የማያውቀውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ኤምኦቲ የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ጤንነት አይመረምርም። መኪናው በብድር ተይዞ እንደሆነ፣ ተሰርቆ እንደሆነ፣ ኢንሹራንስ ከአደጋ በኋላ ከጥቅም ውጪ ብሎት እንደሆነ አይነግርዎትም፤ ለእነዚህ በክፍያ የሚገኝ ሌላ የታሪክ ማጣሪያ አለ። ቪ5ሲውም ቢሆን የተመዘገበውን ያዥ እንጂ ባለቤቱን አያረጋግጥም፤ ይህ በራሱ በሰነዱ ላይ ተጽፏል። ዲፌንደር በሌባ እጅጉን የሚፈለግ መኪና ስለሆነ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ብረቱ ላይ ራሱ ፈልገው ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ብቻዋን አትበቃም።

አንዳንዱ ዲፌንደር ሻንሲው በሙሉ ተቀይሮ በዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። በደንብ ከተሠራ ከመልካሞቹ አንዱ ነው፤ መዝገቡም ይመሰክራል፤ ለዓመታት ሲደጋገም የነበረው የሻንሲ ማሳሰቢያ ከአንድ ዓመት ጀምሮ ድርቅ ብሎ ይቆማል። እዚህ ላይ ንጽሕናው ከቀለም የመጣ አለመሆኑን የሚያረጋግጠው የአዲሱ ሻንሲ ደረሰኝና በላዩ የተመታው ቁጥር ነው። ሁለቱም ከሌሉ ወሬ ነው።

ለንደን ወይም ሊድስ ተቀምጠው «ገዝቼ አገር ቤት ልላከው» የሚሉ አሉ። መኪናው መሪው በቀኝ ነው፤ ኢትዮጵያ የምትነዳው በቀኝ መስመር ነው። ከዚያም በላይ በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ላንድሮቨሩን እዚያው ለሚነዳው ሰው ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

የመጨረሻው ጉዳይ ያረጁትን ይመለከታል። ከ2018 ወዲህ 40 ዓመት የሞላውና ከአሠራሩ ብዙ ያልተለወጠ መኪና ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ነው። «ሲሪስ» የሚባሉት የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮችና የ1980ዎቹ መጀመሪያ መኪናዎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መንገድ ላይ ሲወጣ ደህና መሆን አለበት የሚለው ሕግ አልተነሣላቸውም፤ የቀረው የሚያያቸው ሰው ነው። እንዲህ ያለ መኪና መዝገቡ 2018 ወይም 2019 ላይ ተቋርጦ ሲገኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስላለው የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ነፃ የሆነ መኪናም ግን በፈቃደኝነት ሊመረመር ይችላል። ለቤት መኪና ጋራዥ የሚያስከፍለው ከ54 ፓውንድ ከ85 ፔንስ መብለጥ አይችልም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት፣ እርስዎ በመረጡት ጋራዥ፣ በእርስዎ ወጪ ይመርመር ይበሉት። ሻጩ እምቢ ካለ አይከራከሩት፤ የሚፈራውን ያውቃል። መኪናው ከወደቀ ውጤቱ በታርጋው ሥር ይመዘገብና ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውም ገዢ ያነበዋል።